በኤም አር አይ ምርመራ ጊዜ የሕመምተኛን የሕይወት ምልክቶች ያለ አደጋ ስለ መከታተል

በሕክምና ሙያ «የሕይወት ምልክቶች» ተብለው የሚታወቁት የልብ ምት፣ የአተነፋፈስ ሁኔታ፣ የደም ግፊትና የሰውነት ሙቀት ናቸው። በኋለኛው ዘመን በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ተጨምሮባቸዋል። እነዚህን ለመለካት ብዙ ዓይነት መሣሪያ ቢሠራም ቅሉ፣ ነርሷ ወይም ሐኪሙ በሕመምተኛው ራስጌ ቆመው በሚጠብቁበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገለግሏቸው የገዛ ዓይናቸው፣ ጆሯቸውና እጃቸው ናቸው። የከንፈር ቀለም መለወጥ፣ የደረት ከፍና ዝቅ ማለት፣ የእጅ መቀዝቀዝ፣ ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ መዘግየት፣ እነዚህ ሁሉ አደጋን የሚያመለክቱ ናቸው።

ሕመምተኛው ወደ ኤም አር አይ መሣሪያ በሚገባበት ጊዜ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። ሰውየው የሚገባበት ዋሻ መሰል ክፍት ቦታ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ነው። ራሱ ወይም ደረቱ በዚህ ዋሻ መካከል ስለሚሆን ፊቱ በሚገባ አይታይም። የመሣሪያው ጩኸት ከባድ በመሆኑ ቢያቃስት አይሰማም፤ የክፍሉ በር ተዘግቶ ባለሙያዎቹ ከመስተዋት ማዶ ስለሚቀመጡ እጁን ሊዳስሱት አይችሉም። ምርመራው ደግሞ ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። እንግዲህ የሰውነትን ውስጥ አጥርቶ የሚያሳየው መሣሪያ የሰውየውን ውጭ ከጠባቂዎቹ ዓይን ይሰውራል ማለት ነው።

ነቅቶ ለሚመረመርና በሽታው ለማይጸናበት ሰው ይህ መሰወር ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። በእጁ የተሰጠውን የጎማ መጥሪያ በመጨበጥ ምርመራው እንዲቆም ለማድረግ ይችላል። ችግሩ የሚከብደው በማስተኛ መድኃኒት ወይም በማደንዘዣ ለሚመረመሩት ሕፃናት፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚመጡት፣ ራሳቸውን ለሳቱትና ለመናገር ለማይችሉት ነው። እነርሱ መጥሪያውን አይጨብጡም። ለእነርሱ የሚናገርላቸው በአካላቸው ላይ የተገጠመው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ዋናው ጉዳይም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በሌላ ክፍል እውነቱን የሚናገረው መሣሪያ በማግኔቱ አጠገብ ሊሳሳት፣ ሊበላሽ፣ አልፎም ሕመምተኛውን ሊጎዳ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የሚሆንበትን ምክንያትና ባለሙያዎች ጉዳቱን የሚከላከሉበትን መንገድ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የማግኔቱ ጠባይ

ኤም አር አይ እንደ ራጅ በጨረር የሚሠራ መሣሪያ አይደለም። ሥራው በሰውነት ውሃና ስብ ውስጥ በሚገኙት የሃይድሮጅን አቶሞች አስኳል ላይ የተመሠረተ ነው። እነዚህ አስኳሎች በብርቱ ማግኔት ውስጥ ሲገቡ በአንድ አቅጣጫ የመሰለፍ ዝንባሌ ያሳያሉ፤ ተስማሚ በሆነ የራዲዮ ሞገድ ሲነኩ ከሰልፋቸው ይናወጣሉ፤ ወደ ቦታቸው ሲመለሱም ራሳቸው ደካማ የራዲዮ ምልክት ይሰጣሉ። ከዚህ ምልክት ሥዕል ለማግኘት እንደሚቻል አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ አስታወቀ። እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ሥዕሉ በፍጥነት የሚገኝበትን የሒሳብ መንገድ አበጀ። ሁለቱም በ2003 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተካፍለዋል። የሰውን አካል በዚህ መንገድ በመመርመር በ1977 ውጤት ያገኙት ደግሞ ሬይመንድ ዳማዲያንና ረዳቶቹ ናቸው።

በምርመራው ክፍል ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ኃይሎች በአንድነት ይሠራሉ። የመጀመሪያው የማይለዋወጠው የማግኔት መስክ ነው። በሆስፒታሎች በብዛት የሚገኙት መሣሪያዎች 1.5 ወይም 3 ቴስላ ኃይል ያላቸው ሲሆኑ፣ 1.5 ቴስላ መሬት ራሷ ካላት የማግኔት መስክ ጋር ሲነጻጸር 30,000 እጥፍ ያህል ነው። ማግኔቱ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ፈሳሽ ሂልየም በቀዘቀዙ የሽቦ ጥቅልሎች የሚሠራ በመሆኑ፣ ሌሊትም ሆነ ቀን፣ ምርመራ ቢኖርም ባይኖርም ኃይሉ አይጠፋም። የኤሌክትሪክ መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ እንኳ ማግኔቱ ማግኔት ነው። ስለ መሣሪያው ያልተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ጩኸቱ ሲቆም መሣሪያው የጠፋ ይመስለዋል።

የዚህ ስሕተት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በ2001 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የደረሰው አደጋ ያሳያል። በማስተኛ መድኃኒት ተኝቶ በመመርመር ላይ የነበረ የ6 ዓመት ልጅ ኦክስጅን ባስፈለገው ጊዜ ከብረት የተሠራ የኦክስጅን ሲሊንደር ወደ ክፍሉ እንዲገባ ተደረገ። ማግኔቱም ሲሊንደሩን ስቦ በዋሻው ውስጥ በነበረው ልጅ ራስ ላይ ጣለው፤ ልጁም በደረሰበት ጉዳት ሞተ። በዚህ አደጋ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሲሊንደሩ የመጣው በግዴለሽነት አልነበረም፤ ለርዳታ ነበር። የሕይወት ምልክት መዛባቱን ማወቅ ብቻውን ሕመምተኛውን አያድንም፤ ከማወቅ በኋላ የሚወሰደው እርምጃም ለማግኔቱ የተስማማ መሆን አለበት።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2002 ባወጣው መመሪያ የምርመራው አካባቢ በአራት ክልሎች እንዲከፈል አሳሰበ። አንደኛው ማንም ሰው የሚመላለስበት፣ ሁለተኛው ሕመምተኛው የሚጠየቅበትና ልብሱን የሚለውጥበት፣ ሦስተኛው ለተፈቀደላቸው ሠራተኞች ብቻ ክፍት የሆነው መቆጣጠሪያ፣ አራተኛው ማግኔቱ ያለበት ክፍል ነው። ይህ አከፋፈል ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሆኗል።

ሁለተኛው ኃይል በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ሲሆን፣ ሥዕሉ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደመጣ ለመለየት ያገለግላል። ያ ከባድ ጩኸት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ የጆሮ መከላከያ ሳይደረግ ምርመራ የማይጀመረውም ስለዚሁ ነው፤ የተኛ ሕፃንም ቢሆን ጆሮው ሊሸፈንለት ይገባል። ሦስተኛው ኃይል የራዲዮ ሞገድ ነው። ድግግሞሹ በ1.5 ቴስላ 64 ሜጋኸርዝ፣ በ3 ቴስላ 128 ሜጋኸርዝ ያህል ይሆናል። ይህ ሞገድ ሰውነትን በመጠኑ ያሞቃል፤ ሽቦ ባገኘ ጊዜ ግን ከመጠን በላይ ሊያሞቅ ይችላል።

የልብ ምልክት የሚዛባበት ምክንያት

ከሕይወት ምልክቶች ሁሉ በማግኔቱ ይበልጥ የሚታለለው በኤሌክትሮካርዲዮግራም የሚታየው የልብ ምልክት ነው። ምክንያቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው የፊዚክስ ትምህርት የራቀ አይደለም። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳረጋገጠው፣ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የሆነ ነገር የማግኔትን መስክ አቋርጦ ሲንቀሳቀስ በውስጡ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። አስተላላፊው የግድ ሽቦ መሆን የለበትም። ፋራዴይ ራሱ በ1832 በለንደን በዋተርሉ ድልድይ ላይ ረጅም የመዳብ ሽቦ ዘርግቶ ጫፎቹን በቴምስ ወንዝ ውስጥ በማስገባት፣ ወንዙ የመሬትን የማግኔት መስክ አቋርጦ ሲፈስ የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ ለመለካት ሞክሮ ነበር። የመሬት ማግኔት ደካማ በመሆኑና ሌሎች ምክንያቶች በመደራረባቸው የሚያረካ ውጤት አላገኘም።

በቴምስ ወንዝ ላይ ያልተሳካው ነገር በኤም አር አይ ዋሻ ውስጥ በተኛ ሰው ሁሉ ደረት ውስጥ ይፈጸማል። ደም ጨው ያለበት ፈሳሽ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የልብ የታችኛው ክፍል ተኮማትሮ ደምን አኦርታ ወደተባለው ታላቅ ደም ቅዳ ቧንቧ በሚገፋበት ጊዜ፣ ደሙ ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ የማግኔቱን መስክ አቋርጦ ይፈስሳል። እዚያም የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። የልብ የራሱ ኤሌክትሪክ በቆዳ ላይ ሲለካ አንድ ሚሊቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ባዕድ ግፊት በላዩ ሲጨመርበት ሥዕሉን ለመለወጥ አቅም አለው።

ለውጡ የሚታይበት ቦታም የተወሰነ ነው። በልብ ሥዕል ላይ ከሚታዩት ሞገዶች መካከል ረጅሙና ሹሉ፣ አር የሚባለው፣ የታችኛው የልብ ክፍል መነሣቱን ያመለክታል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ዝቅተኛና ሰፊ ሞገድ ቲ ይባላል። ደሙ በፍጥነት ወደ አኦርታ የሚፈስሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከልና በቲ ጊዜ ስለሆነ፣ ባዕዱ ግፊት የሚጨመረው በዚያው ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ቲ ከፍ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከአር ይስተካከላል ወይም ይበልጣል። የማግኔቱ ኃይል በጨመረ መጠን ለውጡም ይጨምራል።

ይህ ሁለት ዓይነት ስሕተት ያስከትላል። አንደኛው የቁጥር ስሕተት ነው። የልብን ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ረጅም ሞገድ ባየ ቁጥር አንድ ብሎ ስለሚቆጥር፣ ቲ ከፍ ሲል አንዱን ምት ሁለት ያደርገዋል፤ በደቂቃ 70 የሚመታው ልብ 140 ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው የትርጓሜ ስሕተት ነው። በልብ ሥዕል ንባብ የሠለጠነ ሐኪም የቲን መነሣትና ከእርሱ በፊት ያለውን መሥመር ከፍ ማለት ሲያይ፣ የልብ ጡንቻ ደም አጥቷል ወይም በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከልክ አልፏል ብሎ እንዲያስብ ተምሯል። በዋሻው ውስጥ ግን ይኸው ምልክት በፍጹም ጤነኛ ሰው ላይ ይታያል፤ ሰውየው ከዋሻው ሲወጣም ወዲያው ይጠፋል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ቀላል ቢመስልም በሥራ ላይ የሚያስቸግር ነው። በማግኔቱ ውስጥ የሚታየው የልብ ሥዕል ልብ መምታት አለመምታቱን፣ የምቱንም አካሄድ በግምት ለማወቅ ይጠቅማል እንጂ የልብ ጡንቻን ሕመም ለመመርመር አይበቃም። የሐሰት ምልክት እንደሚታይ ሁሉ እውነተኛው ሕመም በሐሰተኛው ተሸፍኖ ሊያልፍም ይችላል። ስለሆነም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ሙሉው የልብ ሥዕል ተነሥቶ ሁለቱ እንዲነጻጸሩ ያስፈልጋል። በምርመራው መካከል ጥርጣሬ ከተነሣም መፍትሔው ሥዕሉን አፍጥጦ ማየት ሳይሆን ሰውየውን ማውጣት ነው።

በዚህ ላይ የሚለዋወጠው የማግኔት መስክና የራዲዮው ሞገድ በኤሌክትሮዶቹ ሽቦ ውስጥ የራሳቸውን ኤሌክትሪክ ያስገባሉ። ይህን ለማጥራት በመሣሪያው ውስጥ ማጣሪያ ይደረጋል፤ ይሁን እንጂ ማጣሪያውን አልፎ የሚቀረው አንዳንድ ጊዜ አደገኛ የልብ ምት መናወጥ መስሎ ይታያል። ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ሠራተኛው ደንግጦ ይነሣል፤ ሕመምተኛው ደህና ሆኖ ይገኛል። ይህ በቀን አምስት ጊዜ ሲደጋገም በስድስተኛው የሚነሣ ሰው አይገኝም። ከሐሰተኛው ማስጠንቀቂያ ይልቅ ሐሰተኛውን መልመድ የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምስክር

በችሎት አንድ ምስክር ብቻውን እንደማይበቃ ሁሉ በማግኔቱ ክፍልም አንድ መሣሪያ ብቻውን አይታመንም። ከልብ ሥዕል ጋር አብሮ የሚቆመው ምስክር በሌላ መንገድ የሚያውቅ፣ የስሕተቱም ምክንያት የተለየ ሊሆን ይገባዋል። ለዚህ ከሁሉ የሚስማማው ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። ጃፓናዊው ታኩዎ አኦያጊ በ1974 ይፋ ባደረገው ሐሳብ መሠረት፣ መሣሪያው ቀይና ከቀይ በታች የሆነ የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ኦክስጅን የያዘውና ያልያዘው ደም ሁለቱን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ስለሚውጡ፣ ልዩነቱ የኦክስጅኑን መጠን ያሳውቃል፤ በየምቱ የሚመጣው የደም ሙላትና ጉድለት ደግሞ የልብን ምት ያስቆጥራል። ብርሃን በማግኔት አይታለልም። ለኤም አር አይ የተሠራው ዓይነት ብርሃኑን ወደ ጣት የሚያደርሰው በመዳብ ሽቦ ሳይሆን ከመስተዋት ወይም ከፕላስቲክ በተሠራ የብርሃን መሥመር በመሆኑ አይሞቅም።

አጠቃቀሙን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። የልብ ሥዕሉ 140 ሲል ጣቱ ላይ ያለው 70 ካለና ሞገዱም ደንበኛ ከሆነ፣ ልብ ሥዕሉ ቲን እየቆጠረ ነው። የልብ ሥዕሉ የልብን መናወጥ ቢያሳይና የጣቱ ሞገድ ግን በሥርዓት ቢቀጥል፣ ደም እየተገፋ ስለሆነ ልብ አልቆመም። የጣቱ ሞገድ ጠፍቶ ልብ ሥዕሉ ደህና ቢመስል ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። መያዣው ከጣት ወልቆ፣ ወይም እጁ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፤ ልብ የኤሌክትሪክ ምልክት እየሰጠ ደም መግፋት አቁሞም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ እርሱም አተነፋፈስ ነው።

አተነፋፈስን በተመለከተ በሠራተኞች ዘንድ የተለመደ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ይኸውም የኦክስጅኑ ቁጥር መልካም እስከሆነ ድረስ ሕመምተኛው ይተነፍሳል የሚለው ነው። በአፍንጫው ተጨማሪ ኦክስጅን የሚሰጠው ሕፃን በሳንባው ውስጥ የተጠራቀመ ስንቅ አለው። ትንፋሹ ቢቆም ስንቁ እስኪያልቅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ግን አወራረዱ ፈጣን ነው፤ ለርዳታ የሚቀረውም ጊዜ አጭር ነው። በሚወጣው አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ካፕኖግራፍ የተባለው መሣሪያ ግን ትንፋሽ በቆመ ጊዜ ወዲያው ሞገዱ ጠፍጣፋ መሥመር ይሆናል። የሚያስፈልገው የማስተኛ መድኃኒት በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ነው። ሁለት ጉድለት እንዳለው ግን መታወቅ አለበት። የአየሩ ናሙና ከዋሻው እስከ መሣሪያው በረጅም ቀጭን ቱቦ ስለሚሳብ ውጤቱ በጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል፤ ሕፃኑ በአፉ ሲተነፍስ ደግሞ በአፍንጫው ያለው ቱቦ ትንፋሹን ላያገኝ ይችላል።

የደም ግፊት መለኪያው አያያዝ ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅና ረጅሙ የአየር ቱቦ ከፕላስቲክ መገጣጠሚያ ጋር ከሆኑ ይበቃል። ጨርቁ በተነፋ ቁጥር በዚያ እጅ ያለው የደም ፍሰት ስለሚቋረጥ ኦክሲሜትሩ በሌላው እጅ ሊደረግ ይገባል። የሰውነት ሙቀት በተለይ በጨቅላዎች ላይ በሁለት ወገን ይፈተናል፤ የክፍሉ ቅዝቃዜ ያወርደዋል፣ የራዲዮው ሞገድ ከፍ ያደርገዋል። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተወሰነው መሠረት መላው ሰውነት ከሞገዱ የሚቀበለው ኃይል በተለመደው አሠራር በኪሎግራም ከ2 ዋት፣ በሐኪም ቁጥጥር ሥር ከ4 ዋት እንዳይበልጥ ይደረጋል።

ስለ ሽቦና ስለ ቃጠሎ

የመከታተያ መሣሪያ ራሱ ጉዳት የሚያደርሰው ከሁሉ ይበልጥ በቃጠሎ ነው። ለኤም አር አይ ያልተሠራ ኦክሲሜትር በሕመምተኛ ጣት ላይ ከባድ ቃጠሎ ማድረሱ በ1989 በሕክምና መጽሔት ተገልጾ ነበር። ምክንያቱ ከላይ የተጠቀሰው የፋራዴይ ሕግ ነው፤ ሽቦው ክብ ሠርቶ ሲተኛ የሚለዋወጠው ኃይል በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ያሽከረክራል። ክብ ባይሠራም ደህንነት የለም፤ ርዝመቱ ከራዲዮው የሞገድ ርዝመት ጋር በተወሰነ ልክ የተመጣጠነ ሽቦ እንደ ራዲዮ አንቴና ኃይሉን ሰብስቦ በጫፉ ላይ ያከማቻል። ጫፉ ደግሞ ቆዳውን የሚነካው ቦታ ነው።

ከዚህ የተነሣ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። የልብ ሥዕል ኤሌክትሮዶች ለዚሁ የተሠሩ፣ ጊዜያቸው ያላለፈና ቅባታቸው ያልደረቀ ይሆናሉ፤ በደረት ላይ ተቀራርበው ይለጠፋሉ። ሽቦዎቹ አጫጭር ሆነው ሳይጠመዘዙና ሳይሻገሩ በዋሻው መካከለኛ መሥመር ይወጣሉ፤ በእነርሱና በቆዳው መካከልም ደረቅ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ይገባል። ሥራ ላይ ያልዋለ ሽቦ በዋሻው ውስጥ አይቀርም። ሰውነት ራሱም ክብ ሊሠራ ስለሚችል ሕመምተኛው እጆቹን አያጣምርም፤ ጭኖቹም በጨርቅ ይለያሉ። ቆዳ ላይ የሚለጠፉ አንዳንድ መድኃኒቶች በጀርባቸው ቀጭን ብረት ስላለባቸው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2009 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ በ2020 ደግሞ በአፍንጫ ላይ የሚታጠፍ ሽቦ ስላላቸው የፊት መሸፈኛዎች ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። የነቃ ሰው ሲያቃጥለው ይጮኻል። የተኛው ግን አይጮኽም፤ የሕመም ስሜት ከሕይወት ምልክቶች ተራ ባይቆጠርም እርሱ በመድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ምን ያህል ጠባቂ እንደነበረ ይታወቃል።

ወደ ክፍሉ የሚገባውን ዕቃ ለመለየት ከ2005 ጀምሮ ሦስት ምልክቶች ይሠራባቸዋል። አረንጓዴ አራት ማዕዘን ዕቃው አደጋ የሌለው መሆኑን፣ በቀይ ክብ ላይ የተሠመረ መሥመር ፈጽሞ መግባት የሌለበት መሆኑን ያመለክታሉ። አሳሳቹ በመካከል ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ትርጉሙ «በተወሰነ ሁኔታ ይፈቀዳል» ማለት ሲሆን ችኩል ሰው ግን «ይፈቀዳል» የሚለውን ብቻ ያነባል። የመከታተያ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በዚህ ክፍል ይመደባሉ። በ1.5 ቴስላ የተፈቀደው በ3 ቴስላ ላይፈቀድ ይችላል፤ የተፈቀደውም በወለሉ ላይ ከተሠመረው መሥመር ሳያልፍ፣ ጎማው ተቆልፎ ወይም ታስሮ ነው።

ጥያቄና ፍተሻ

ከምርመራው በፊት ሕመምተኛው፣ ልጅ ከሆነ ወላጁ፣ በዝርዝር ይጠየቃል፤ በልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በሰውነት የቀረ የጥይት ወይም የፈንጂ ፍንጣሪ፣ በዓይን የገባ ብናኝ ብረት መኖሩ ይጣራል። የጥያቄው ቅጽ ከሌላ አገር እንዳለ ሲቀዳ የአገሩን ልማድ ሊስት ይችላል። በኢትዮጵያ ከማተብ ጋር የተንጠለጠለ የብረት መስቀል፣ በብረት የተለበጠ ክታብ፣ በመቀነት ጫፍ የተቋጠረ ሳንቲም፣ በሹሩባ ውስጥ የገባ መርፌ ቁልፍ፣ ሰውየው እንደ ዕቃ ስለማይቆጥራቸው «ብረት ይዘዋል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ አይጠቅሳቸውም። በየስማቸው መጠየቅ ይሻላል። የእምነት ምልክት የሆነውንም «ያውልቁ» ከማለት በፊት የማግኔቱን ነገር አስረድቶ፣ ከቤተ ሰቡ አንዱ ዘንድ እንዲቀመጥ ማድረግ ተገቢ ነው።

ፍተሻው ለሠራተኛውም ነው። የልብ ማዳመጫ፣ መቀስ፣ እስክሪብቶ፣ የእጅ ሰዓት ከኪስና ከአንገት ሳይወጡ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ ነው፤ ችኮላው የሚመጣው ደግሞ የሕመምተኛው ምልክት ሲዛባ ነው።

ልብ ወይም ትንፋሽ በቆመ ጊዜ

በሌላ ክፍል ሕመምተኛው ልቡ ሲቆም ሰዎችና መሣሪያዎች ወደ እርሱ ይሮጣሉ። በማግኔቱ ክፍል ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕመምተኛው ወደ ሰዎቹና ወደ መሣሪያዎቹ ይወሰዳል። በውስጥ ያሉት ሠራተኞች ደረትን መጫንና አየር መስጠት እየጀመሩ ወዲያው ማግኔት በማይስበው ባለጎማ አልጋ ወደ ተዘጋጀው ቦታ ያወጡታል። የልብ ማስነሻው የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ፣ የመድኃኒቱ ጋሪ በዚያ ይጠብቃሉ። አንድ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ሳይኖረው በሩን ይጠብቃል፤ ለርዳታ የሚሮጡት ከሌላ ክፍል የሚመጡ፣ ስለ ማግኔቱ የማያስቡ ሰዎች በመሆናቸው እርሱ ያስቆማቸዋል።

ማግኔቱን በአስቸኳይ የሚያጠፋው ቁልፍ ለዚህ መፍትሔ አይደለም። ቁልፉ ሲነካ ፈሳሹ ሂልየም ከ700 እጥፍ በላይ ወደሆነ ጋዝ ይለወጣል፤ ማስወጫው ከተበላሸ ጋዙ የክፍሉን ኦክስጅን ይተካል። ኃይሉም እስኪሞት ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሕመምተኛውን ለማውጣት ግን የሠለጠነ ቡድን ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ቁልፉ የሚያገለግለው ሰው ከማግኔቱ ጋር በከባድ ብረት ተጣብቆ በተያዘ ጊዜ ነው። ቡድኑ ሰዓት ይዞ መለማመድ ያለበትም ስለዚህ ነው፤ ልምምዱ ከቆየ አልጋው ከበሩ ስፋት ጋር አለመስማማቱ የሚታወቀው በእውነተኛው ቀን ይሆናል።

ስለ ሠራተኛው ትምህርት

በዚህ ሥራ የሚሰማሩት የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ ነርሶችና የራዲዮሎጂ ቴክኒሻኖች ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ነርሷ ሕመምተኛውን ታውቃለች፣ ማግኔቱን ግን አልተማረችም፤ ቴክኒሻኑ ማግኔቱን ያውቃል፣ የሚዘገየውን የኦክስጅን ቁጥር ግን አልተማረም። በየትምህርት ቤቱ የፋራዴይ ሕግ በፊዚክስ ክፍል፣ የልብ ሥዕል በሕክምና ክፍል ተለያይተው መሰጠታቸው የዚህ ምንጭ ነው። ሁለቱን በአንድ ትምህርት የሚያገናኝ መምህር ቲ ለምን እንደሚነሣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለማስረዳት ይችላል፤ ምክንያቱን የተረዳ ተማሪም የክልከላዎቹን ዝርዝር በቃሉ ከያዘው ይልቅ ባልተጠበቀ ጊዜ የሚያደርገውን ያውቃል።

በሥራው ቀን ደግሞ የሕይወት ምልክቶችን የሚከታተለው ሰው ሌላ ኃላፊነት ሊሰጠው አይገባም። ሥዕሉን የሚያነሣው ቴክኒሻን ዓይኑ በሥዕሉ ላይ ስለሆነ ጠባቂ ሆኖ አይቆጠርም።

ምርመራው ሲያልቅ ጩኸቱ በድንገት ይቆማል፤ ይህም ሰዓት ብዙ ጊዜ በቂ ትኩረት አይሰጠውም። በጩኸቱና በመንቀጥቀጡ ምክንያት በግማሽ እንቅልፍ የቆየው ሕፃን ፀጥታው ሲመጣ ይበልጥ ሊያንቀላፋ፣ ምላሱም ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል፤ ሠራተኞቹ ግን በዚያው ቅጽበት ሽቦውን ለመንቀልና የሚቀጥለውን ሕመምተኛ ለማስገባት ይጣደፋሉ። ስለዚህ ኦክሲሜትሩና የትንፋሽ መለኪያው ከዋሻው እስከ ማረፊያው ክፍል ድረስ ሳይነቀሉ ይሄዳሉ። ሕፃኑ ዓይኑን ገልጦ እናቱን እስኪለይ ድረስ ጠባቂው ከአጠገቡ አይለይም፤ ኤሌክትሮዶቹ የተነሡባቸው ቦታዎችም አንድ በአንድ ታይተው፣ ቅላት ያለበት ቦታ ካለ ከሰዓቱ ጋር በመዝገቡ ላይ ይጻፋል።